ጢሱ እንዲወጣ፤ እንጨቱም እንዲሰነብት

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ለሥራ ጉዳይ ከደሴ ተነሥተን በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ሄደን ነበር። የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ግን አጥንት የሚሰብር ብርድ ይሆናል። በእንግድነት የተቀበሉን ሰው በከተማው በጽሕፈት ሥራ የሚያገለግሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ የተማሩና ጨዋ ሰው ናቸው። የሚኖሩበት የኪራይ ቤት አዲስ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፤ በመስኮቱም መስተዋት ገብቶበታል። እኛም ገና ከደጃፉ ሳንገባ የቤቱን ማማር አመሰገንን። ምስጋናችን ግን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነበር የቆየው።

በዚያ ሰዓት ከግንባራችን ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ወረደችና ቀሰቀሰችን። ዝናብ የጣለ መስሎን መስኮቱን ከፍተን ብንመለከት ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ፣ ሣሩም በውርጭ ነጥቶ ይታያል። ውኃው ከሰማይ ሳይሆን ከእኛው ትንፋሽ የመጣ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቅና ከአካባቢው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽና ከእራት ማብሰያው የተነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ሲወጣ ያንን ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውኃ ይሆንና ተመልሶ በብርድ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ከሕፃናቱ አንዱ ሌሊቱን ሁሉ ሲስል ሰምተናል። በነጋም ጊዜ ግድግዳው በማእዘኑ በኩል ጠቁሮ ሻጋታ እንዳወጣ አየን።

ባለቤቱም ኀፍረት ተሰምቷቸው «ይህ የኪራይ ቤት ነው፤ በአባቴ ርስት ላይ የራሴን ልሠራ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ እናቴንም ወደዚያ አምጥቼ ላሳርፋት አስቤአለሁ፤ እርሷ ግን እምቢ አለች» ሲሉ ነገሩን። ከቁርስ በኋላም እናታቸውን እንድናይ ከከተማው ወጣ ወዳለው መንደር ይዘውን ሄዱ።

የእናቲቱ ቤት ያገሩ አሮጌ ቤት ነው። ግድግዳው ውፍረቱ ከክንድ የሚበልጥ ድንጋይ ሆኖ በጭቃ የተያያዘ፣ ክዳኑ ሣር፣ ምሰሶውና ወጋግራው ጥድና ወይራ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ነው። ከውርጩ ወጥተን ወደ ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ እንደ ጋቢ ተቀበለን። ነገር ግን ሁለት ርምጃ ሳንራመድ ዓይናችን በዕንባ ተሞላ፤ በመካከሉ በሦስት ጉልቻ ላይ ኩበትና ጭራሮ ይነዳልና። መስኮት የለም። ጢሱ በሣሩ መካከል ቀስ በቀስ ካልሆነ በቀር መውጫ አላገኘም። ጣራው ከውስጥ ሲታይ በጥላሸት ጠቁሮ እንደ ተቀባ ቆዳ ያብለጨልጫል። እናቲቱም ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሽፋሽፍታቸው ተመልጦ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንቦሳ በሉ እንጂ» እያሉ ቡናውን ያቀራርቡ ጀመር።

ልጅየው ስለ አዲሱ ቤት ነገሩን ሲያነሡ እናቲቱ ሳቅ አሉና «የአንተን ቆርቆሮ ቤት አንድ ሌሊት አድሬበት አየሁት፤ በጋቢ ላይ ቡልኮ ደርቤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነጋ። ይህ ቤት እኮ አያትህ ከሠሩት ጀምሮ አላስበረደንም» አሉ።

«እማዬ፣ ሙቀቱስ ይሁን፤ ጢሱ ግን ዓይንሽን ጨረሰው።»

«ጢሱን አትማው ልጄ። ይኸን ወጋግራ ብል ያልበላው፣ ሣሩንም ተባይ ያልጨረሰው ጢሱ ስለ ጠበቀው ነው። እሳት ያልነደደበትን የጎረቤቱን ቤት አላየህም? በሦስት ዓመት ዱቄት ሆነ።»

ልጅየው ወደ እኛ ዘወር አሉና «እናንተ የምትጽፉ ሰዎች ፍረዱን» አሉ። በዚያ ጊዜ ለመፍረድ አልቻልንም፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ስለ ቤት፣ ስለ እንጨትና ስለ ጤና የተመራመሩ ሊቃውንት ያገኙትን ስናገላብጥ ከርመን፣ ያገኘነውን ለእነርሱም ለአንባቢዎቻችንም እነሆ እንላለን።

አስቀድመን ለእናቲቱ እንፈርዳለን። እሳት በሚነድበት ቤት ያለ እንጨት መሰንበቱ ተረት አይደለም። ጢስ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ ሬንጅ የመሰለው ጥላሸትም በላዩ ላይ ተለጥፎ ብልንና ሻጋታን ያርቃል። የሣር ክዳንም እንደዚሁ ነው። ስለ ሙቀቱም ቢሆን ተሳስተው አልተናገሩም። ደረቅ ሣር በመካከሉ ብዙ አየር ስለሚይዝ ሙቀትን አጥብቆ ይዞ ይቆያል፤ አየር ራሱ ባለበት ሲቆም ከሁሉ የተሻለ የብርድ መከላከያ ነውና፤ ጋቢም የሚያሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው። እንጨትም በውስጡ እጅግ ረቂቅ ቱቦዎች ስላሉት ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም፤ ድንጋይና ኮንክሪት ከእንጨት ይልቅ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ያሳልፋሉ። ድንጋይ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ከወፈረ ቀን ከፀሐይና ከምድጃ የተቀበለውን ሙቀት ቀስ ብሎ ሌሊት ይመልሳል። እንግዲህ ከላይ ሣር፣ ከዳር ወፍራም ድንጋይ አድርገው የሠሩት አባቶቻችን መሣሪያ ይዘው ሙቀቱን ባይለኩም በተግባር ያወቁት ነገር ነበር። ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ስስ ብሎኬትና ወደ ባዶ ቆርቆሮ መግባት በስሙ ሥልጣኔ ቢባል፣ በብርዱ በኩል ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ቆርቆሮን ግን ጨርሰን ልንነቅፈው አንወድም። ሣር የሚታጨድበት ግጦሽ እየታረሰ ስላለቀ መልካም የክዳን ሣር ማግኘት ከብዷል፤ በየጊዜው መክደንም ድካም አለበት፤ እሳትም ያሰጋል። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ በአሸንዳ ውኃ ለማጠራቀምም ይመቻል። ጉድለቱ ባዶውን መተዉ ላይ ነው። ከሥሩ ጠፈር ተሠርቶ፣ በጠፈሩ ላይ ጭድ በቀጭን ጭቃ ታሽቶ አንድ ስንዝር ያህል ቢነጠፍ፣ በቆርቆሮውና በጠፈሩ መካከልም አየር ቢተው፣ ያ ሌሊት ያንጠባጠበብን ውኃ አይኖርም ነበር። አቡጀዲ በዱቄት ማጣበቂያ ወጥሮ ኮርኒስ ማድረግም የተለመደ ነው፤ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ጨርቁ ብቻውን ብርድ አይመልስም።

አሁን ደግሞ ለልጅየው እንፈርዳለን፤ ፍርዱም ከባድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ በሚወጣ ጢስ ሰበብ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ጢሱ የሕፃናትን የሳንባ ምች፣ የአዋቂዎችን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የልብ በሽታን፣ የዓይን ሞራንም ያመጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ደግሞ በምድጃው አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉት ሕፃናት ናቸው። የቤቱ ጌታ በጢሱ ሰዓት በደጅ ነው፤ ስለዚህ ይመስለናል ነገሩ እስከ ዛሬ እንደ ቀላል የሚቆጠረው። ጢሱ እንጨቱን ጠብቋል፤ ነገር ግን ዋጋውን የከፈለችው እመቤቲቱ ናት።

መድኃኒቱ ምድጃውን መለወጥ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። በአገራችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምጣድ ምድጃ ተስፋፍቷል፤ ከገል ድንጋይ አሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራ ሆኖ እሳቱን በዙሪያው ስለሚከብበው፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ያህል ማገዶ ያድናል። ኩበት ከምድጃ ተርፎ ወደ እርሻ ቢመለስ ለመሬቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ ለገበሬ አይነገርም። ስለዚህ ምድጃውን እናመሰግናለን። ነገር ግን በማላዊ ከ10,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ የተደረገው ሰፊ ሙከራ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታወቅ፣ ብዙዎችን አስደንግጧል፤ የተሻለ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ሕፃናት ካልተሰጣቸው ይልቅ በሳንባ ምች መያዛቸው አልቀነሰም። እንደ አገራችን ደጋ በሆነው በጓቲማላ ተራሮች ግን ጢሱን በቱቦ ከቤት ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ በተሠራላቸው ቤቶች ሕፃናቱ የሚስቡት ጢስ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ እጅግ የከፋው የሳንባ ምችም ቀንሶ ታይቷል፤ ይህ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሁለቱ የምንረዳው፣ እሳቱን ማሳነስና ጢሱን ማስወጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ሁለተኛው የምድጃ ሠሪው ሥራ አይደለም፤ የቤት ሠሪው ነው። የጢስ መውጫ፣ ጣራ፣ መስኮትና የማድ ቤቱ ቦታ ካልታሰበበት ምድጃው ብቻውን አያድንም።

እንግዲህ ጢሱን እናስወጣው ብንል የእናቲቱ ጥያቄ ይመጣብናል፤ ጢሱ ከሄደ እንጨቱን ማን ይጠብቀዋል? እኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ለሰው ሁሉ «ጢሱን አስወጡ» ብሎ መምከር ግማሽ ምክር ነው እንላለን። መልስ ግን አለ፤ ከፊሉም ከወሎ ምድር ሩቅ አይደለም።

በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ዋሻ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል። የታነጸው በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው ይባላል። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየተደረበ የቆመ ነው፤ ይህም ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የመጣ፣ በደብረ ዳሞም የሚታይ የአሠራር ዘዴ ነው። እንጨቱ ድንጋዩንና ጭቃውን አጥብቆ እንደ መቀነት ይይዛል። ይህ እንጨት ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ሲኖረው የሚነድበት ማብሰያ ጢስ አልነበረውም። ያቆየው የዋሻው ጣራ ነው፤ ዝናብ አላገኘውምና። በጃፓንም በሆርዩጂ ያለው የእንጨት ቤተ መቅደስ ከ1,300 ዓመት በላይ ቆሟል፤ ክዳኑ ከግድግዳው ርቆ ወደ ውጭ የተዘረጋ ነው፤ ምሰሶዎቹም ከአፈር ጋር ሳይገናኙ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እንጨት የሚበሰብሰው በዕድሜ ሳይሆን በእርጥበት ነው። ሻጋታውም እንጉዳዩም ውኃ ባላገኘ እንጨት ላይ አይኖርም።

የእንጨት ሊቃውንትም የሚሉት ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የእንጨት ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት ያገራችንን እንጨት ዓይነቶች ችካል እያደረገ በተለያዩ ቦታዎች መሬት ውስጥ በመትከል፣ ምስጥና ብስባሽ በስንት ጊዜ እንደሚያጠፋቸው ሲመረምር ቆይቷል። ያበሻ ጥድ ልቡ ከጠነከሩት ወገን ነው፤ ይህን አባቶቻችን ለአጥርና ለምሰሶ ሲመርጡት ያወቁት ነው። ባሕር ዛፍ ግን ያለ መድኃኒት መሬት ውስጥ ከተተከለ ቶሎ ይጠፋል። ዛሬ በመካነ ሰላም የሚሠራው ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል በባሕር ዛፍ ነው፤ ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ ከተሞቻችንን ከማገዶ ችግር ያዳነ ነው። ስለዚህ የቤቱ ዕድሜ የሚወሰነው ባሕር ዛፉን እንዴት እንደምንይዘው ነው።

እኛ ያየነው አያያዝ ግን ያሳዝናል። ዛፉ ሰኞ ይቆረጣል፤ ረቡዕ ከነልጣጩ ይተከላል፤ ቅዳሜ በጭቃ ይመረጋል። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከደረቅ ክብደቱ ጋር የሚቀራረብ ውኃ በውስጡ ይዟል። ያ ውኃ በግድግዳው ውስጥ እያለ ሲደርቅ እንጨቱ ይጠማዘዛል፤ ይሰነጠቃል፤ ምርጊቱንም ያፈርሰዋል፤ በልጣጩ ሥር ደግሞ ብል ይራባል። ልጣጩ ወዲያው ቢገፈፍ፣ እንጨቱም ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ እየተራራቀ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው በጥላ ሥር ጥቂት ወራት ቢደረደር፣ አብዛኛውን ጉዳት ያመልጣል። ውፍረቱ ሲበዛ ጊዜውም ይረዝማል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ከዓመት በፊት ማሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለቤት ግንባታ ከመሠረቱ በፊት እንጨቱን መቁረጥ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ምሰሶውን በአፈር አለመቅበር ነው። ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ተገንብቶ እንጨቱ በእርሱ ላይ ከቆመ የክረምት ጎርፍና ከመሬት የሚወጣው እርጥበት አይደርስበትም። የእንጨቱን እግር በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ምርመራውም እንደሚጠቅም አሳይቷል። ነገር ግን ይህ ዘይት ለሰው ጤና የማይስማማ ነገር ስላለበት በውጭ ባለው እግር እንጂ ሰው በሚተኛበት፣ እህልም በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አይቀባም። ጢስን አስወጥቶ በምትኩ ሌላ መርዝ ማስገባት ከንቱ ልፋት ነው። ለውስጡ እንጨት በውኃ የሚሟሟ የቦራክስ ጨው የተሻለ ነው፤ ዝናብ ካልነካው ብልን ይከላከላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ደንቆሮ ጫካ አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው ይህ ደን ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይጠበቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ከላይ አስታ፣ ዝቅ ሲል ኮሶና ጥድ አለበት። ስለ እንጨት ቤት ስንጽፍ አንዳንድ ሰው መጥረቢያውን አንሥቶ ወደዚያ ቢያይ በደሉ የእኛ ይሆናል። እኛ የምንለው በጓሮ ስለተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በየጊዜው እየተቆረጠ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ እያለ፣ ለማደግ የሰው ዕድሜ የሚፈጀውን ጥድ መቁረጥ አያስፈልግም። እንጨትም ሆነ አፈር በሌለበት ቦታ ሁሉ ሲሚንቶ ነው ብሎ መደምደምም አይገባም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ሕንጻና የሕንጻ ግንባታ ተቋም ከስዊስ የዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በግቢው ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ሠርቷል። የታችኛው ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ጣራውም በቀጫጭን የአፈርና የሲሚንቶ ጡቦች እንደ ቅስት ታጥፎ የተሠራ ስለሆነ ብረት አልፈለገም። እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በዓለም ከሚለቀቀው የካርቦን ጋዝ ከመቶው 7 ወይም 8 እጅ የሚሆነው ከሲሚንቶ ሥራ የሚወጣ መሆኑን፣ እንጨት ግን ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉን ካርቦን በውስጡ ይዞ በቤታችን እንደሚቀመጥ ስናስብ፣ የጭቃና የእንጨት ቤት የድኻ ቤት ብቻ ነው የሚለው ንግግር ጊዜው እንዳለፈ እንረዳለን። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የእንጨት ሕንጻ 18 ፎቅ ሲሆን ቁመቱ ከ85 ሜትር ይበልጣል። «እሳትስ?» ለሚሉን፣ ወፍራም እንጨት ከዳሩ ከስሎ ከሰሉ ራሱ ውስጡን ይከልለዋል፤ የሚቃጠለውም በደቂቃ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የሚያስፈራው ስስ ጭራሮና የተጋለጠ ሣር ነው።

ለመካነ ሰላም ሰዎች በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር ከፀሐይ በኩል አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር በደቡብ በኩል ከአድማስ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ታልፋለች። ብርዱ የሚበረታውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ቢዞር የፀሐይ ሙቀት ያለ ማገዶ ይገባል፤ በወፍራሙ የውስጥ ግድግዳና በመደቡ ላይ አርፎ እስከ ሌሊት ይቆያል። ነገር ግን ጭቃውን ከዝናብ የሚጠብቀው ሰፊ ክፈፍ መስኮቱንም ያጨልመዋል፤ በስድሳ ሳንቲሜትር የወጣ ክፈፍ በዚያን ወር ቀትር ከሥሩ ወደ ዘጠና ሳንቲሜትር ጥላ ያወርዳል። እንግዲህ ክፈፉን ከማሳጠር ይልቅ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማውጣት ይሻላል። አናጢዎች መስኮትን ከጣራ አስጠግተው የመሥራት ልማድ አላቸው፤ በዚህ ቦታ ግን ይታዘዙ። ሌሊት ደግሞ ከመስተዋቱ በስተውስጥ የሳንቃ መዝጊያ ቢኖር ሙቀቱ ተመልሶ አይሸሽም።

ቤቱ ሙቀት ይዞ እንዲያድር ከተደፈነ በኋላ ግን የሚመጣ ብርቱ አደጋ አለና ይህን በተለይ አደራ እንላለን። ሣር ክዳን ባለው ቤት ፍም አስገብቶ የሚያድር ሰው በሣሩ ክፍተት አየር ያገኝ ነበር። ጠፈር በተሠራለትና መስተዋት በገባበት ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ግን ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም፤ ዓይንንም አያቃጥልም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። ጢስ ቢያንስ ያስለቅሳል፤ ይህ ግን ያስተኛል። ስለዚህ በደጋ አገር ጥሩ ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ከቶ አይርሳ፤ ፍም ከመኝታ ክፍል እንዲወጣ፣ ከግድግዳው በላይ በኩልም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ የአየር መተንፈሻዎች እንዲተዉ። ጥቂት ሙቀት ይወጣባቸዋል፤ ይውጣ።

ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፈን ለመካነ ሰላሙ ወዳጃችን ላክንላቸው። መልሳቸው የመጣው በሚያዝያ ነው። ባሕር ዛፋቸውን በታኅሣሥ አስቆርጠው፣ ልጣጩን አስገፍፈው፣ በጎተራው ጥላ ሥር ከድንጋይ ላይ እንደ ደረደሩት ይነግሩናል። ጎረቤቶቻቸው «እንጨቱን ለምን አስረጀኸው?» እያሉ ይሥቁባቸዋል። ክዳኑ ቆርቆሮ ይሆናል፤ ከሥሩ የጭድ ጠፈር ይሠራል። የአሮጌው ቤት ድንጋይ እንዳይፈርስ ወስነዋል፤ አዲሱ ቤት በስተ ደቡቡ ተጠግቶ ይቆማል።

እናታቸው ገመድና ችካል ይዘው ቦታውን ሲለኩ በመጡ ቀን አብረዋቸው ዞሩ። እልፍኙን አሳዩዋቸው፤ መኝታ ቤቱን አሳዩዋቸው፤ መስኮቱ ዝቅ ብሎ እንደሚወጣም ነገሯቸው። እናቲቱ ሁሉንም ዝም ብለው ሰምተው ካበቁ በኋላ «ምድጃዬስ ወዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅየውም ከቤቱ ሦስት ርምጃ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ ጢሱን ወደ ቤቱ እንዳይመልሰው በምዕራብ በኩል የተተከለውን ችካል አሳዩዋቸው፤ ጢሱም በቱቦ ከጣራው በላይ እንደሚወጣ አስረዱ። እናቲቱ ችካሉን ነቅለው፣ ወደ አሮጌው ቤት በር ሁለት ርምጃ ያህል አስጠግተው ተከሉትና «ከዚህ ከሆነ ቡናውን ይዤ ስመላለስ አይርቀኝም» አሉ። ወዳጃችን እንደ ጻፉልን ችካሉ እስካሁን እናቲቱ በተከሉት ቦታ ላይ ነው።